ፋርማሲውን ጨርሳ ሴሚናሪ ብትገባስ?

እዚህ ሰበታ አንድ ጎረቤቴ «ሲስተር፣ እስቲ አንቺ ምከሪልኝ» ብለው አስጠሩኝ። የልጅ ልጃቸው የሦስተኛ ዓመት የፋርማሲ ተማሪ ናት፤ «ትምህርቴን አቋርጬ መካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ እገባለሁ» ብላለች። አያት «በምን ልትኖር ነው?» ይላሉ፤ እሷ «ጥሪዬ ነው» ትላለች። ቡራዩና ሱሉልታም ተመሳሳይ ክርክር ያለባቸው ቤተሰቦች አውቃለሁ።

ለሁለቱም ያልኳቸው አንድ ነው፦ ዲግሪው ይጠናቀቅ፣ የቀሩት ሁለት ዓመታት ግን ለሴሚናሪው መዘጋጃ ይሁኑ።

የቄስ ጉዲና ቱምሳን ሕይወት ተመልከቱ። ቄስ ከመሆናቸው በፊት ነቀምት በሚሽን ሆስፒታል በድሬሰርነት ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1966 አሜሪካ በሚገኘው ሉተር ሴሚናሪ ተምረው ሲመለሱ የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ሆኑ፤ ሐምሌ 1971 ዓ.ም. ደርግ ገደላቸው። በእሳቸው ዘመን፣ በ1964 ዓ.ም.፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ ለሉተራን የዓለም ፌዴሬሽን በጻፈችው ደብዳቤ ወንጌልና ልማት አይነጣጠሉም ብላ ነበር። ታዲያ መድኃኒት የምታውቅ ቄስ ምን ይጎድላታል? (ለአያትየው ይህም አዲስ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ሴቶችን በቅስና ትሾማለች።)

መዘጋጀት ስል ዋናው ቋንቋ ነው። የሥነ መለኮት መጻሕፍት በብዛት በእንግሊዝኛ ናቸው፤ ግሪክኛና ዕብራይስጥም ይመጣሉ። በእኛ ከተሞች ደግሞ ኦሮምኛ ሳይችሉ ምዕመናንን ማጽናናት ያስቸግራል፤ ልጅቷ ኦሮምኛዋ የገበያ ብቻ ነው። በየሳምንቱ አንድ ገጽ መጻፍም ትልመድ።

ሌላው አገልግሎት ነው። ካምፓስ ባለችበት ከተማ አንድ ማኅበረ ምዕመናን ይዛ ሕፃናት ታስተምር፣ ሕመምተኛ ትጠይቅ። የሚያውቋት ሽማግሌዎችና ቄስ ነገ ስለ እሷ የሚመሰክሩት አይተው ነው። ዕድሜዬን በሕክምና ቤት አሳልፌያለሁና፣ ሕመምተኛ አጠገብ አሥር ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ ያቃተው ሰው ቅስናውም ይከብደዋል ባይ ነኝ። ይህን በጊዜ ማወቅ ለራሷም ይበጃል።

የአያትየው የኑሮ ጭንቀት ተራ ነገር አይደለም፤ የአገልጋይ ደመወዝ ብዙ አያወላዳም። የፋርማሲ ዲግሪ ካላት ግን የምትተዳደርበት ሙያ በእጇ ነው።

ወላጆች፣ ከልጃችሁ ጋር ሄዳችሁ ቦታውን እዩት። ሴሚናሪው አዲስ አበባ መካኒሳ ነው፤ ከሰበታ በዓለም ገና አድርጎ ይደረሳል፣ ከሱሉልታ ለሚመጣ ትንሽ ይርቃል። የመግቢያ መስፈርቱን፣ ክፍያውንና ከማኅበረ ምዕመናን የሚጠየቀውን ደብዳቤ ከሬጅስትራሩ ጠይቁ።