«ሲስተም የለም» ከማለት የተሻለ ምን ማለት ይቻላል?

ቀሪ ሂሳብ ለማየት *804# ትደውላላችሁ። ወይም ብር ለመላክ ከኮከብ እስከ መሰላል ያለውን ቁጥር ትጽፋላችሁ። ስልካችሁ ትንሽ ያስብና አንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ይወረውርላችኋል፦ «ኮኔክሽን ፕሮብሌም ኦር ኢንቫሊድ ኤም ኤም አይ ኮድ»። አንድሮይድ ስልክ ይዞ ይቺን ነገር አይቼ አላውቅም የሚል ካለ እጁን ያውጣ።

ትርጉሙንስ ስንቶቻችን እናውቃለን? ኤም ኤም አይ «ሰውና ማሽን የሚገናኙበት» የሚል የእንግሊዝኛ ሐረግ አጭር መጠሪያ ነው። በኮከብ ጀምረን በመሰላል የምንዘጋቸው ኮዶች የሚጠሩበት ስም ነው። መልዕክቱ በአጭሩ «ወይ ግንኙነቱ ተበላሽቷል፣ ወይ የጻፍከው ኮድ ልክ አይደለም» እያለን ነው። «ወይ፣ ወይ» የምትለዋን ልብ በሏት። የመጀመሪያው ከሆነ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ፤ ሁለተኛው ከሆነ ቁጥሩን አስተካክላለሁ። ስልኩ ግን የትኛው እንደሆነ ሳይነግረኝ «እሺ» የምትል ቁልፍ ብቻ ያቀርብልኛል። ምኑን ነው እሺ የምለው?

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ደብረ ታቦር ውስጥ አንድ የሞባይል ሱቅ ውስጥ ያየሁት ነገር ነው። ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። ከጋይንት በኩል የመጡ አንዲት እናት ዩኒቨርሲቲ ላለች ልጃቸው 1,000 ብር ሊልኩ ገቡ። ስልካቸውን ለሱቁ ልጅ ሰጡት፣ ፒናቸውንም ሁላችንም እየሰማን ጮክ ብለው ነገሩት። ልጁ ላከ። የመጣው መልስ «ጥያቄዎን ማስተናገድ አልተቻለም። እባክዎ ቆይተው ይሞክሩ» ይላል። «አልሄደም እናቴ፣ ትንሽ እንቆይ» አላቸው። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደገመው፣ ተሳካ። ብዙም ሳይቆይ ልጅቷ ደወለች፦ «እማ፣ ሁለት ሺህ ምን ብለሽ ነው የላክሽልኝ?»

መጀመሪያ ሁላችንም ሳቅን። እሳቸው ግን መሳቃቸውን ቶሎ አቆሙ። ሁለተኛው ሺህ የዘይትና የመሳፈሪያ ብራቸው ነበር። ልጅቷ መልሳ ልትልክ ስትሞክር ያው ኔትወርክ ያው መልዕክት ነው፤ ብሩ ሲደርሳቸው ወደ ነፋስ መውጫ የሚሄደው የመጨረሻው መኪና ሊወጣ ትንሽ ነበር የቀረው። ደግነቱ የላኩት ለልጃቸው ነው። ለማያውቁት ነጋዴ ቢሆንስ ኖሮ?

ነገሩ እንዴት እንደሚፈጠር ላስረዳ። በሹፌር እጅ ባሕር ዳር ደብዳቤ ላካችሁ እንበል። ሹፌሩ ካልተመለሰ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ ወይ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ደብዳቤው አልደረሰም፣ ወይ ደብዳቤውን አድርሶ ሲመለስ ነው የተበላሸው። ደብረ ታቦር ቁጭ ብላችሁ ለምትጠብቁት ለእናንተ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ሹፌሩ የለም። ብር ስትልኩም ትዕዛዙ ከስልካችሁ ተነስቶ ሰርቨር ጋ ይሄዳል፣ እዚያ ይፈጸማል፣ ከዚያ «ተሳክቷል» የሚለው መልስ ይመለሳል። ኔትወርኩ በመልሱ ላይ ከተቆረጠ ብሩ ሄዷል፣ ስልኩ ግን አያውቅም። ጉናን ተሻግሮ ለሚኖር፣ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ ለሚወጣ ሰው ይሄ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነገር አይደለም።

ስለዚህ ለገንዘብ ጥያቄ መልሱ ሁለት ሳይሆን ሦስት ነው፤ ሄዷል፣ አልሄደም፣ አላወቅንም። ብዙ ፕሮግራመሮች ሦስተኛውን ከሁለተኛው ጋር ጨፍልቀው «አልተቻለም» ይላሉ። «ቆይተው ይሞክሩ» ሲጨመርበት ደግሞ ምክሩ ራሱ ሰውን ገደል ይከታል። ሊባል የሚገባው ይሄ ነበር፦

«ብሩ መሄዱ አልተረጋገጠም። ድጋሚ አይላኩ፤ መጀመሪያ ቀሪ ሂሳብዎን ይዩ።»

«በኤስ ኤም ኤስ ለመላክ ይረዝማል» የሚል ዲቨሎፐር አይጠፋም። አንድ ኤስ ኤም ኤስ በላቲን ፊደል 160፣ በግዕዝ ፊደል ደግሞ 70 ነው የሚይዘው፤ የእኛ ፊደላት እያንዳንዳቸው ሰፋ ያለ ቦታ ስለሚወስዱ። በዚህ ምክንያት ብዙ አገልግሎት አማርኛን በላቲን ፊደል ይጽፋል፣ ወይ ጭራሽ በእንግሊዝኛ ይልካል። ከላይ ያለውን ግን ቆጥሬዋለሁ፤ ክፍት ቦታውና አራት ነጥቡ ተጨምሮ 45 ነው። ደግሞም አንዱ ፊደላችን ተነባቢውንም አናባቢውንም ይዞ ስለሚመጣ 70 ፊደል የሚመስለውን ያህል ጠባብ አይደለም።

ከመልዕክቱ ጀርባም ሊሠራ የሚገባ ነገር አለ። እያንዳንዱ የመላክ ትዕዛዝ የራሱ መለያ ቁጥር ቢሰጠውና ስልኩ ድጋሚ ሲሞክር ያንኑ ቁጥር ቢልክ፣ ሰርቨሩ «ይቺን ፈጽሜያታለሁ» ብሎ ሁለተኛውን ይተወዋል። በዓለም ላይ ትልልቅ የክፍያ ድርጅቶች የሚጠቀሙበት የታወቀ ዘዴ ነው። ሐምሌ 2016 በተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና ገብታችሁ አፕ መሥራት እየተማራችሁ ያላችሁ ልጆች፣ ይቺን ነገር ማስታወሻችሁ ላይ ጻፏት።

«ለአንድ መልዕክት ይሄን ያህል?» የሚል ካለ የቴራክ 25ን ታሪክ ይስማ። በፈረንጆቹ ከ1985 እስከ 1987 ባለው ጊዜ አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ይሠራ የነበረ የካንሰር ጨረር ሕክምና ማሽን ነው። ስድስት ሕሙማንን ከመጠን ያለፈ ጨረር መትቷቸዋል፤ ቢያንስ ሦስቱ በዚሁ ምክንያት ሞተዋል። በ1986 ቴክሳስ፣ ታይለር ከተማ ውስጥ አደጋው ሲደርስ ስክሪኑ ላይ የወጣው «ማልፈንክሽን 54» የሚል ነበር። 54 ምን እንደሆነ ለኦፕሬተሮች በተሰጠው መመሪያ ላይ አልተብራራም። ማሽኑ ከዚያ አልፎ የተሰጠው ጨረር ከታዘዘው በጣም ያነሰ መሆኑን ነው ያሳየው። ኦፕሬተሯ እንዲህ ያሉ መልዕክቶችን ለምዳለች፣ በየቀኑ ስለሚመጡ። «ቀጥል» የሚለውን ተጫነች። ሕመምተኛው ለሁለተኛ ጊዜ ተመታ። ጥፋቱ የሶፍትዌሩ ነው፣ መልዕክቱ ብቻውን ሰው አልገደለም። ግን «አቁሚ፣ የተሰጠው መጠን አልታወቀም» ቢል ኖሮ ያቺ ሴት እጇን ትሰበስብ ነበር። ከጋይንቷ እናት ታሪክ ጋር ሳስተያየው አንድ ዓይነት ይሆንብኛል፤ «አልሄደም» የተባለው ሄዷል።

አንዳንዴ ደግሞ መምጣት የነበረበት መልዕክት ይቀራል። መጋቢት 6 ቀን 2016 ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በተደረገ ማሻሻያ ሳቢያ ችግር ተፈጥሮ ደንበኞች ሂሳባቸው ላይ ካለው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር። «ቀሪ ሂሳብዎ በቂ አይደለም» የምትለዋ ሁላችንም የምንጠላት መልዕክት ያን ሌሊት እንቅልፍ ወስዷት ነበር ማለት ነው። ባንኩ ያለአግባብ ተወሰደ ያለው ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነው። ብዙ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከዚያ በኋላ ያወጡትን ሲመልሱ ከረሙ።

ወደ ቋንቋችን እንምጣ፤ እዚህ ጋ ነው ጉዱ። የስህተት መልዕክት አማርኛ አለው ስንል አብዛኛውን ጊዜ የእንግሊዝኛው ቃል በቃል ትርጉም ነው። «ልክ ያልሆነ ግብዓት»! እናቴ ግብዓት ስትባል የምታስበው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ነው። «የጻፉት ስልክ ቁጥር አንድ አሃዝ ይጎድለዋል» ማለት ምን ይከብዳል?

ሰዓቱ ደግሞ የባሰ ነው። «ከ2 ሰዓት በኋላ ይሞክሩ» የሚል መልዕክት ቢመጣላችሁ ምን ትረዳላችሁ? ሁለት ሰዓት ያህል ጠብቄ? ወይስ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ? ከሆነስ የጠዋቱ ነው የማታው? መልዕክቱን የጻፈው ሲስተም በፈረንጅ ሰዓት የሚቆጥር ከሆነ ደግሞ የእሱ ሁለት የእኛ ስምንት ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር፣ አራት ትርጉም። አዲስ አበባ ቢሮው ውስጥ ቁጭ ብሎ ለጻፈው ሰው ምንም ላይመስለው ይችላል። ከእስቴ ወይም ከስማዳ ለጉዳይ ደብረ ታቦር ለገባ ሰው ግን ልዩነቱ ወይ ሻይ ጠጥቶ መጠበቅ ነው፣ ወይ ማደሪያ ከፍሎ ማደር። «ሁለት ሰዓት ያህል ቆይተው ይሞክሩ» ወይም «ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ይሞክሩ» ቢባል አለቀ።

ጳጉሜን ላይ የተወለደ ሰው 12 ወር ብቻ ባለው ፎርም «ልክ ያልሆነ ቀን» ይባላል፤ የተወለደበት ቀን ራሱ ስህተት ተብሎ። የቤተሰብ ስም አስገባ የሚለውን የውጭ ፎርም ተዉት፣ አባቴንና አያቴን እያፈራረቅን ሞልተነዋል። እኔን የሚያበግነኝ «ስምዎ አይዛመድም» የሚለው ነው። አንዱ ሰነድ ላይ ኃይሉ፣ ሌላው ላይ ሀይሉ፤ አንዱ ላይ ፀሐይ፣ ሌላው ላይ ጸሃይ። ሲነበብ አንድ ነው፣ ለኮምፒውተር ግን ሌላ ሰው ነው። «የሀ ወይም የጸ ፊደል አጻጻፍ ከሰነድዎ ጋር መመሳሰሉን ይዩ» የሚል አንድ መስመር ስንቱን ሰው ከቢሮ ወደ ቢሮ ከመመላለስ ያድነው ነበር። አንድ ነገር ግን አማርኛችን ያቀልልናል፤ «ያስገቡ» ስንል አክብሮትም ነው፣ አንተ ወይስ አንቺ ከሚለው ጣጣም ያወጣናል።

የማን ጥፋት ነው የሚለውም አለ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ስልካችን ላይ ያሉት አፖች ምን ይሉን ነበር? «የኢንተርኔት ግንኙነትዎን ያረጋግጡ»። ግንኙነት*ዎን*! የእኔ ይመስል። ቴሌግራም «ኮኔክቲንግ» እያለ ይሽከረከራል። ስልኬ ነው የተበላሸው ብለው ፎርማት አስደርገው ፎቷቸውን ያጡ ሰዎች አውቃለሁ። አፕ ስለ አገር ጉዳይ ያውቃል አልልም። ግን ዳታው መከፈቱንና ሰርቨሩ ጋ መድረስ አለመቻሉን ለይቶ ያውቃል። «ስልክዎ ደህና ነው፣ እኛ ጋ ግን መድረስ አልቻለም» ማለት ይችላል።

እውነቱን ለመናገር አንዳንዱ መልዕክት ሆን ተብሎ ነው የሚድበሰበሰው። «ስልክ ቁጥርዎ ወይም የሚስጥር ቁጥርዎ ልክ አይደለም» ሲላችሁ የትኛው እንደሆነ የማይነግራችሁ፣ የእናንተን ስልክ ይዞ የሚሞክር ሌባ ግማሹን እንዳያውቅ ነው። ይሄ ተገቢ ነው። ያለምክንያት ሲድበሰበስ ግን ሌባውን ይጠራል፤ ግራ የገባው ሰው ቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ይሄ ምን ማለት ነው?» ብሎ ሲለጥፍ «የደንበኞች አገልግሎት ነኝ፣ የመጣልህን ኮድ ላክልኝ» የሚል ቶሎ ነው የሚደርስለት። ኮዱን ለማንም እንዳትሰጡ።

ዴንማርካዊው የአጠቃቀም ባለሙያ ጃኮብ ኒልሰን በ1994 ካወጣቸው አሥር መመሪያዎች አንዱ ስለዚሁ ነው፤ መልዕክቱ ተራ ሰው በሚገባው ቋንቋ ይጻፍ፣ ችግሩን በትክክል ያመልክት፣ መፍትሔ ይጠቁም ይላል። እኔ ለእኛ አገር አንድ ልጨምር፦ ብሬ የት ነው ያለው የሚለውን ከሁሉም ያስቀድም። «ሲስተም የለም» የሚለውን የቢሮ መልስም በዚሁ መዝኑት። ሦስቱንም አያሟላም። ከመቼ ጀምሮ እንደጠፋ፣ ዛሬ ይመለስ እንደሆነ፣ የሞላሁት ፎርም ይቆይልኝ ወይስ ይጥፋ፣ ምንም የለም። መስኮቱ ላይ «ከጠዋት ጀምሮ ሲስተም ተቋርጧል፣ ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ እናሳውቃለን፣ ወረፋዎ ተመዝግቧል» የሚል ወረቀት መለጠፍ ኮምፒውተርም አይፈልግም።

ሰሞኑን ያ ሱቅ ጋ ሳልፍ ልጁ እስክሪብቶ አደማምቆ የጻፈው ካርቶን መስታወቱ ላይ ተለጥፏል፦ «ብር አልሄደም ቢል እንኳን ድጋሚ አንልክም። መጀመሪያ ቀሪ ሂሳብ እናያለን። ፒንዎን ራስዎ ይጻፉ።»