አዲሱ አለቃ መጣ... የነበረችዋስ?

እኔ ሰሞኑን ከእህቴ ጋር ተኳርፌ ነው የሰነበትኩት። በውርስ እንዳይመስላችሁ! በገንዘብም አይደለም። የተጣላነው በአንድ ፈረንጅ አለቃ ነው። ያውም በዚህ ምድር ላይ ኖሮ በማያውቅ፣ ቴሌቪዥን ውስጥ ብቻ ባለ፣ በክብ በር እየገባ ከዓለም ወደ ዓለም በሚሄድ ሰውዬ! እናታችን ቡና እያፈላች ጭቅጭቃችንን ስታዳምጥ ቆየችና «እናንተ ልጆች፣ ይሄ ሰውዬ ብድር አለባችሁ እንዴ?» አለችን።

ሳቅን። ጭቅጭቁ ግን በሳቅ አላለቀም። መጨረሻው ዞሮ ዞሮ እኔው ላይ መጣ። እናላችሁ፣ ዛሬ የምጽፈው ስለ ቴሌቪዥን ይመስላል፤ ታገሱኝማ፣ ስለ እኔና ምናልባትም ስለ እናንተ ነው።

ነገርዬው ምንድን ነው?

ፊልሙ «ስታርጌት ኤስጂ ዋን» ይባላል። ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ነው። በ1994 ከወጣው «ስታርጌት» ከተሰኘው ፊልም የተወለደ ተከታታይ ሲሆን በ1997 ጀምሮ በ2007 አበቃ (ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። 10 ምዕራፍ፣ 214 ክፍል! እኛ ቤት የደረሰው እንግዲህ ፈረንጆቹ አይተው ከጨረሱት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በጎረቤት ሃርድ ዲስክ ተሸክሞ ነው። ምን ይደረግ፣ ዘግይቶ የመጣ እንግዳም እንግዳ ነው።

ታሪኩ ግብፅ ውስጥ ከመሬት ተቆፍሮ ስለወጣ አንድ ግዙፍ ቀለበት ነው። ቀለበቱ በር ነው፤ ሲከፈት ወደ ሌላ ፕላኔት ያሻግራል። የአሜሪካ አየር ኃይል ኮሎራዶ ውስጥ ተራራ ሥር ደብቆ ያስቀምጠዋል፤ በበሩ የሚያልፉ ቡድኖችም ያቋቁማል። አንደኛው ቡድን አራት ሰዎች አሉት። መሪው ኮሎኔል ጃክ ኦኒል ነው፤ የሚጫወተው ሪቻርድ ዲን አንደርሰን፣ ያ በድሮው «ማክጋይቨር» የምታውቁት (ወይ አባቶቻችሁ የሚያውቁት) ሰውዬ። አርኪኦሎጂስቱ ዳንኤል ጃክሰን አለ። ከሌላ ዓለም የመጣው ተዋጊ ቲልክ አለ። አራተኛዋ ሳማንታ ካርተር ናት፤ ተዋናይቷ አማንዳ ታፒንግ ትባላለች።

ይቺን ካርተር ልብ በሉልኝ። የፊዚክስ ሊቅ ናት፤ የአየር ኃይል መኮንንም ናት። ሻምበል ሆና ትጀምርና ሻለቃ ትሆናለች፤ በ8ኛው ምዕራፍ ደግሞ ሌተና ኮሎኔል። በዚያው ምዕራፍ ኦኒል ጄኔራል ሆኖ የሠፈሩ አዛዥ ሲሆን፣ ቡድኑን የምትመራው ማን ሆነች? ካርተር! ሰባት ምዕራፍ ሙሉ ምክትል ሆና የሠራች ሴት ወንበሩን ወረሰች። እህቴ ያን ክፍል ስታይ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

ደስታዋ ግን አንድ ምዕራፍ ብቻ ቆየ።

ሰውዬው መጣ!

በ2005 ሪቻርድ ዲን አንደርሰን ለልጁ ጊዜ መስጠት ፈልጎ ከዋናው ሥራ ወጣ። በ9ኛው ምዕራፍ አዲስ ፊት መጣ፤ ሌተና ኮሎኔል ካሜሮን ሚቸል። ተዋናዩ ቤን ብራውደር ነው፤ ቀደም ብሎ «ፋርስኬፕ» በሚባለው ሌላ የጠፈር ተከታታይ ዋና ገጸ ባህሪ የነበረ። ሚቸል አንታርክቲካ ላይ በተደረገው የአየር ውጊያ አውሮፕላኑ ተመትቶ ከሞት የተረፈ አብራሪ ነው። ካገገመ በኋላ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያን ዝነኛ ቡድን መቀላቀል።

መጣና ምን አገኘ? ባዶ ክፍል! ካርተር ወደ ምርምር ጣቢያ ሄዳለች። ቲልክ ወገኖቹ ዘንድ ሄዷል። ዳንኤልም ሻንጣውን ይዞ ሊወጣ ነው። አዲሱ ጄኔራል ሚቸልን «ቡድኑ ያንተ ነው፤ የምትመራውም አንተ ነህ፤ ሰዎችህን ምረጥ» ይለዋል። ልብ በሉ፣ ሰውዬው አባል ልሁን ብሎ እንጂ አለቃ ልሁን ብሎ አልመጣም።

ታፒንግ በእውነተኛው ሕይወቷ በዚያው ዓመት ወልዳ ስለነበር በምዕራፉ መጀመሪያ ላይ ከሥራ ርቃ ነበር፤ በደንብ የተመለሰችው በ6ኛው ክፍል ነው። ስትመለስ ግን ነገሩ ተወሳሰበ። ቡድኑ ውስጥ ሁለት ሌተና ኮሎኔሎች ሆኑ። አንዷ ቡድኑን ስትመራ የነበረች፣ ሌላው አሁን የሚመራ። ማነው አለቃ? ፊልሙ ለዚህ ጥያቄ ተመልካቹን የሚያጠግብ መልስ አልሰጠም። እዚህ ላይ ነው አድናቂዎች ጎራ ለይተው የተፋጠጡት።

ጎራዎቹ

የመጀመሪያው ጎራ «ካርተር ተገፋች» አለ። ማዕረጉ እኩል፣ ልምዱ የሷ፣ መሪነቱንም አንድ ምዕራፍ ሙሉ አሳይታለች፤ ታዲያ ወንድ ስለሆነ ካልሆነ በምን ሂሳብ? አሉ። «የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ማለት ይሄ አይደል?

ሁለተኛው ጎራ «ሰውዬውን ዕድል ስጡት!» አለ። ቡድኑ የተበተነው እሱ ሳይመጣ ነው፤ ካርተርም ወደ ምርምሩ የሄደችው ማንም ሳያባርራት ነው፤ ተዋናይቷም ልጅ ወልዳ ነበር፤ ፊልሙ ደግሞ መቀጠል አለበት። ብራውደርም ጎበዝ ነው፤ ያስቃል፤ ለነባሮቹም አክብሮት ያሳያል።

ሦስተኛው ጎራ ጭራሽ ወንድና ሴት ውስጥ አልገባም። የሱ ቅሬታ ሌላ ነው። ብራውደርና ቫላን የምትጫወተው ክላውዲያ ብላክ ሁለቱም የ«ፋርስኬፕ» ዋና ተዋንያን ስለነበሩ «ይሄ ፋርስኬፕ ነው ስታርጌት?» እያለ አጉረመረመ። አራተኛው ደግሞ «ኦኒል ከሄደ በቃ፣ መዝጋት ነው!» ባይ ነበር።

እውነቱን ለመናገር አዲስ ሰው መጥላት ለነዚህ አድናቂዎች አዲስ አልነበረም። በ2002 ዳንኤልን የሚጫወተው ማይክል ሻንክስ ሲወጣ በሱ ቦታ ጆናስ ኲን የሚባል ገጸ ባህሪ ገባ። ጆናስ የማንንም የአለቃ ወንበር አልነካም። እንደዚያም ሆኖ አድናቂዎች «ዳንኤል ይመለስልን» ብለው ዘመቻ ከፈቱ፤ ሻንክስም በቀጣዩ ምዕራፍ ተመለሰ። ስለዚህ ለሚቸል የተጠበቀው ጥላቻ ሁሉ በካርተር ምክንያት ነበር ማለት አይቻልም።

እኔ በዚህ ክርክር የማን ወገን እንደነበርኩ ገባችሁ አይደል? የሚቸል! ወንድ ነኝ፤ አልደብቅም። «ወንበሩ ባዶ ነበር፤ ባዶ ወንበር ላይ መቀመጥ ምን ኃጢአት አለው?» አልኳት እህቴን።

እህቴ ስኒዋን አስቀመጠች። «ወንበሩን ባዶ ያደረገው ማነው?» አለች። «ካርተር በራሷ እግር ወደ ምርምር ጣቢያ የሄደች ይመስልሃል? ደራሲዎቹ ናቸው የላኳት። ሰውዬው ሲገባ እንዳታስቸግር!»

ዝም አልኩ። እሷ ግን አልጨረሰችም።

«ለመሆኑ ያቺን ልጅ ጠይቀሃት ታውቃለህ?»

ያቺ ልጅ

12ኛ ክፍል ከጨረስኩ በኋላ፣ ይሄን የጽሑፍ ሥራ ሳልጀምር፣ ባነርና ስቲከር የሚያትም አንድ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ሠርቻለሁ። የዲዛይን ክፍሉ ኃላፊ ሥራ ለቆ ስለነበር ቦታውን ሸፍና የምትሠራው ከእኔ ጥቂት ዓመት የምትበልጥ ልጅ ነበረች። ማሽኑ ሲነክስ የምታውቀው እሷ፣ የትኛው ደንበኛ በቃሉ እንደማይገኝ የምታውቀው እሷ። እኔን ሥራውን ያስተማረችኝም እሷው ናት።

አንድ ቀን ባለቤቱ ጠራኝ። «ከሰኞ ጀምሮ የክፍሉ ኃላፊ አንተ ነህ» አለኝ። ሰኞ ስገባ ወንበሩ ባዶ ነበር። እሷን ከሁለት ሳምንት በፊት «ሂሳብ ክፍሉን አግዢ» ብሎ ወደ ታች አውርዷት ነበርና! ቁጭ አልኩ። መሳቢያውን ስከፍት መቁረጫዋ አለ፤ እጀታው ላይ ቀይ ፕላስተር የጠቀለለችበት። ምን አደረግኩ መሰላችሁ? ተጠቀምኩበት። ዓመት ሙሉ።

እሷ ወደ ክፍሉ ስትመለስ «እንኳን ደስ ያለህ» አለችኝ። አመሰገንኳት። በቃ! ከአራት ወር በኋላ ሥራውን ለቀቀች። እኔም «የተሻለ አግኝታ ነው» ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እህቴ ያኔ አንድ ጊዜ ጠይቃኝ «ተስማምታለች» ብዬ መልሼላት ነበር። ሰው «እንኳን ደስ ያለህ» ካለ ተስማምቷል ማለት አይደል? አይ እኔ!

ከቡናው ማግስት ስልኳን ከድሮ ጓደኛ ተቀብዬ ደወልኩ። ስለ ስታርጌት አልነገርኳትም፤ ያበደ ይመስላታል። የዚያን ጊዜውን ነገር አንስቼ ይቅርታ አልኳት። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «እኔ እኮ አንተን አልተቀየምኩም ነበር» አለችኝ። «የሾመህ እሱ ነው። ግን አንድ ቀን እንኳን 'አንቺስ?' ብትለኝ ምን ነበረበት?»

መልስ አልነበረኝም። እሷም ደንበኛ መጣብኝ ብላ ስልኩን ዘጋችው። ታረቅን አልታረቅንም፣ ዛሬም አላውቅም።

ታዲያ ምን ይሻላል?

አሁን ወደ ፊልሙ ልመለስ። አድናቂዎቹ ሚቸልን ሲሰድቡ፣ እኔም ለሚቸል ስከራከር፣ ሁላችንም የተጣላነው ከተሳሳተ ሰው ጋር ነበር። ሚቸል አልሾመም፤ ተሹሟል። ሿሚዎቹ ደራሲዎቹና ከበስተጀርባ ያለው ንግድ ናቸው። ዋናው ተዋናይ ሲወጣ ሌላ የታወቀ ዋና ተዋናይ አምጥቶ መሃል ላይ ማስቀመጥ በቴሌቪዥን ሥራ የተለመደ ነው። ችግሩ ካርተር ስትመለስ ነገሩን አፍረጥርጠው አለመናገራቸው ነው። «አለቃው እሱ ነው፤ ምክንያቱም...» ወይም «ሁለታችሁም እኩል ናችሁ» የሚል አንድ ጥርት ያለ ትዕይንት ቢኖር ኖሮ ግማሹ ጭቅጭቅ ይቀር ነበር ባይ ነኝ። ዝም ሲባል ሰው የራሱን መልስ ይሞላል፤ የሚሞላውም የመረረውን ነው።

ተመልካቹ የሴት አለቃ አይቀበልም እንዳይባል ደግሞ ከ1995 እስከ 2001 በ«ስታር ትሬክ፡ ቮየጀር» ካፒቴን ጄንዌይ ሰባት ምዕራፍ ሙሉ መርከቧን መርታለች። ካርተርም ብትሆን በ2007 ሙሉ ኮሎኔል ሆና በእህት ፊልሙ «ስታርጌት አትላንቲስ» 4ኛ ምዕራፍ የጠቅላላው ጉዞ አዛዥ ሆናለች። እህቴ ይሄን ስነግራት ደስ አላት፤ በ5ኛው ምዕራፍ በወንድ መተካቷን ስነግራት ግን ትራስ ወረወረችብኝ።

እንግዲህ ምክር ቢጤ ልሰንዝር፤ ከተማርኩት እንጂ ከተፈላሰፍኩት አይደለም።

አዲስ አለቃ ሆነሽ ወይም ሆነህ የገባህ ወዳጄ፣ መሳቢያውን ከመክፈትህ በፊት «ይሄ የማን ነበር?» በል። ያን ሰው ለብቻ አግኝተህ «አንተስ? አንቺስ?» ብለህ ጠይቅ። ሹመቱን መመለስ አይጠበቅብህም ይሆናል፤ መጠየቁ ግን ከማንም ፈቃድ አያስፈልገውም። «እንኳን ደስ ያለህ» የሚለውንም ቃል እንደ ደረሰኝ አትቁጠረው።

የታለፍሽው እህቴ፣ አንተም ወንድሜ፣ ጥያቄህን ይዘህ መሄድ ያለብህ ወደ ሿሚው ነው። «ለምን እኔ አልሆንኩም?» ብሎ በጨዋ ቋንቋ መጠየቅ ነውር የለውም። አዲሱን ሰው አፍንጫው ቀጭን ነው፣ አረማመዱ ደስ አይልም እያሉ መጥላት ግን ሿሚውን ይደብቅለታል።

ከዳር ሆናችሁ ለምትመለከቱ ባልደረቦችስ? ዝም አትበሉ። እኛ ቢሮ ስድስት ሰው ነበርን፤ ስድስታችንም አይተናል፤ ስድስታችንም ዝም ብለናል።

እኔና እህቴ አሁን 10ኛው ምዕራፍ ላይ ነን። ሚቸልን እሷም እየወደደችው ነው፤ ግን አታምንም። እኔ ደግሞ ካርተር ስትናገር ድምፁን ከፍ ማድረግ ጀምሬያለሁ። መቁረጫውን ግን ያን መሥሪያ ቤት ስለቅ ተሳስቼ ከዕቃዬ ጋር ይዤው ወጥቼ ኖሮ፣ ሰሞኑን ካርቶን ውስጥ አገኘሁት። ቀዩ ፕላስተር አሁንም አለ። ልወስድላት አስቤያለሁ፤ ትቀበለኝ ይሆን?

እናንተስ ምን ትላላችሁ?