ሃያ ስድስተኛ አኃዝ ያጣው ቁጥር

3608528850368400786036725። ባለ 25 አኃዝ ቁጥር ነው። በኪሎ ግራም ቢታሰብ ከመሬት ክብደት ግማሽ ይበልጣል። የሚያስገርመው ግን ትልቅነቱ አይደለም፤ ከግራ ጀምረው ሲያነቡት የሚታየው ሥርዓት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች፣ 36፣ ያለ ቀሪ ለ2 ይካፈላሉ። ሦስቱ፣ 360፣ ለ3። 3608 ለ4፣ 36085 ለ5፣ 360852 ለ6። ሰባተኛው ላይ ወረቀት ማውጣት ሳያሻ አይቀርም፦ 3608528 ለ7 ሲካፈል 515504 ይሆናል፣ ቀሪ የለውም። እንዲህ እያለ ይዘልቅና በመጨረሻ ሙሉው ቁጥር ለ25 ይካፈላል።

በዚህ ደንብ የሚሄዱ ቁጥሮች ዜሮን ሳንጨምር 20456 ናቸው፤ ከሁሉም ረጅሙ ይኸው ነው። ለምን እዚህ ላይ ይቆማሉ? ከአንድ አኃዝ እንነሣ። ከ1 እስከ 9 ዘጠኝ ቁጥሮች አሉ። በእያንዳንዳቸው ቀኝ አምስቱን ተጋማሽ አኃዞች መጻፍ ስለሚቻል ባለ ሁለት አኃዞቹ 45 ይሆናሉ። ባለ ሦስቶቹ 150 ናቸው። ብዛቱ እያደገ ሄዶ ባለ ዘጠኞቹ 2492 ይደርሳሉ። አሥረኛው አኃዝ የግድ 0 ነው፤ ስለዚህ ማንም አይወድቅም፣ ማንም አይባዛም፣ ባለ አሥሮቹም 2492 ናቸው። ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ ነው። ለ11 ሲካፈል 11 ዓይነት ቀሪ ሊመጣ ይችላል፤ እኛ ያሉን አኃዞች ግን አሥር ብቻ ናቸው። ስለዚህ አንዳንዱ ቁጥር የሚቀጥልበት አኃዝ ያጣል። አካፋዩ ባደገ ቁጥር የሚወድቀው ይበዛል፦ 20 አኃዝ ላይ 44 ቁጥሮች ይቀራሉ፣ 23 ላይ 6፣ 24 ላይ 3፣ 25 ላይ አንድ።

እንግሊዛዊው የሂሳብ ሊቅ ጂ. ኤች. ሃርዲ እ.ኤ.አ. በ1940 ባሳተመው መጽሐፉ እንዲህ ያሉ የአኃዝ ጨዋታዎች ለጋዜጣ እንቆቅልሽ እንጂ ለሂሳብ ሰው እንደማይሆኑ ጽፏል። ግማሽ እውነት አለው፤ በአሥር ባንቆጥር ኖሮ ይህ ቁጥር ተራ ቁጥር በሆነ ነበር። አካፋዩ ከአኃዞቹ ብዛት ሲያልፍ አኃዝ ማጠሩ ግን በየትኛውም የአቆጣጠር ሥርዓት የሚደርስ ነገር ነው። ሃርዲ ቢንቀውም፣ እኔ ከረጅሙ ይልቅ የምወደው ታናሽ ወንድሙን 381654729ን ነው። ደንቡን ሳይስት ከ1 እስከ 9 ያሉትን አኃዞች እያንዳንዳቸውን አንዴ ብቻ ይጠቀማል። እንደ እሱ ያለ ሌላ ቁጥር የለም።

ረጅሙን በአንድ አኃዝ ለማስረዘም እንሞክር። መጨረሻው ላይ 0 ጨምረን ለ26 ስናካፍለው ቀሪው 12 ይሆናል። ያለ ቀሪ እንዲካፈል በዜሮው ቦታ 14 መግባት ነበረበት፤ ትልቁ አኃዛችን ግን 9 ነው።