መንዙማው ተቀባይ አጥቷል

በቆቦ የረመዳን ምሽት ሙቀቱ ቶሎ አይለቅም። በተምርና በውሃ አፍጥረን፣ መግሪብ ሰግደን፣ ሾርባችንን ጠጥተን ወደ ዋናው መንገድ ብቅ ስንል አስፋልቱ ገና ይፋጃል። ከአንዱ ሱቅ አንድ መንዙማ፣ ከጎኑ ካለው ሻይ ቤት ሌላ መንዙማ፣ ከሚያልፈው ባጃጅ ደግሞ ሦስተኛው ይሰማል። መንዙማ በየደጁ እንዲህ የበዛበት ዘመን አናስታውስም። ቆም ብለን ስናዳምጥ ግን አንድ ነገር ጎደለብን። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የሚቀበል የለም። ድምፅ ማጉያው ይጮኻል፣ ሰዉ ሻዩን ይጠጣል። ወደ ቤታችን ስንመለስም ያው ነው፤ በአንድ ምንጣፍ ላይ የተቀመጡ ሦስት ልጆች፣ እያንዳንዳቸው ማዳመጫ በጆሯቸው ሰክተው፣ የየራሳቸውን መንዙማ ይሰማሉ።

«መንዙማ» የሚለው ስም «ነዘመ» ከሚለው የዐረብኛ ቃል የመጣ ነው። ዕንቁን በክር መሰካት፣ በሥርዓት መደርደር ማለት ነው። የወሎ መሻይኾች ይህን የግጥም ጥበብ ከዐረብኛ ኪታቦች ተማሩት። ጀማ ንጉሥ፣ ዳናና አና ሲነሱ የዒልም ወንበር የሚታወሰን ያለ ምክንያት አይደለም። ይሁን እንጂ ገበሬውና እረኛው ዐረብኛ አያውቁም ነበር። ስለዚህ እንደ ሼህ ጦልሃ ጃዕፈር ያሉ ዓሊሞች በዐረብኛ ፊደል አማርኛ ጻፉ፤ ዐጀም የምንለው ይህ ነው። ተውሒዱን፣ የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ውዳሴ፣ ዱዓውን ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋና ጆሮው በለመደው ዜማ አስገቡለት። ከአራቱ የአገራችን ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸው የወሎ አገር ስም መሆኑን ልብ ይሏል። አባቶቻችን አዲስ ነገርን የሚፈሩ አልነበሩም።

መንዙማው የተሠራው ለመቀበል ነው። አንዱ ያወጣል፣ ጀመዓው ይቀበላል። የሚመለሰው ስንኝ አጭር ነው፤ አንድ ጊዜ የሰማ ሕፃን በሁለተኛው ከሰዉ ጋር ይገባበታል። አሮጊቷ ከጓዳ ሆና ቡናዋን እያፈላች ትቀበላለች። ፊደል ያልቆጠረው ሰው ዲኑን በዚህ መንገድ ቃል በቃል ይዞት ይሄድ ነበር። በድቤ ጉዳይ የዑለማዎች ሐሳብ እንደሚለያይ እናውቃለን፤ ያንን ክርክር ዛሬ አንከፍተውም። የኛ ነገር ተቀባዩ ላይ ነው።

ጥፋቱን በመሣሪያ ላይ የሚጥሉ አሉ። እኛ አንስማማም። የሼህ መሐመድ አወል ሐምዛ መንዙማዎች በካሴት ሲዞሩ ካሴቱም የዘመኑ መሣሪያ ነበር። ቴፑ ሲከፈት ግን ቤተሰቡ አብሮ ይቀበል ነበር፤ ለሚቀበለው ቦታ ተትቶለታልና። የዛሬው ስቱዲዮ ያን ቦታ ደፍኖታል። አንድ ልጅ ያወጣል፣ የዚያው ልጅ ድምፅ በኮምፒውተር አሥር ሆኖ ተባዝቶ ይቀበለዋል። ዜማውም አንዳንዴ ከባሕረ ሰላጤ ነሺዳ እንዳለ የተገለበጠ ነው። ሥዕሉ ያምራል፣ ልብሱ ያምራል፤ ለሰሚው የቀረው ሥራ ግን መመልከት ብቻ ነው።

በመስጊዶቻችን አሠራር ላይም ይኸው ይታያል። ልጅ ሳለን የቀራንበት መስጊድ ክብ ነበር፤ ግድግዳው ወፍራም ድንጋይና ጭቃ፣ ክዳኑ ሣር፣ ወለሉ ሰሌን። የቆላው ፀሐይ ውጭ ሲነድ ውስጡ ይቀዘቅዝ ነበር። ዛሬ ቆርቆሮና ሰፊ መስታወት እንመርጣለን። ከመንገድ ሲያዩት ግሩም ነው፤ ዙህር ላይ ግን ጾመኛው ሰጋጅ በላብ ይታጠባል። የሠራነው ለሚያልፈው ዓይን ነው፣ ወይስ ውስጥ ለሚሰግደው?

ይህን ስንል ራሳችንንም ሳንወቅስ አናልፍም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የረመዳን ምሽት የሰፈራችን ወጣቶች ድምፅ ማጉያና ኪቦርድ ይዘው መስጊዱ ግቢ መጡ። ሰው ፊት ተቆጣናቸው። እነሱም ዕቃቸውን ሰብስበው ሄዱ። በማግስቱ በተራዊሕ የኋላው ሰፍ ሳሳ፤ በሦስተኛውም ቀን አልሞላም።

ለተማሪዎቻችን ስንት ጊዜ ያስተማርነው ሐዲስ ያኔ ትዝ አለን። በዒድ ቀን በእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ቤት ሁለት ልጃገረዶች ሲያዜሙ አቡበክር (ረ.ዐ.) ሊቆጡ ሲሉ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ተዋቸው፣ ዒድ ነው አሏቸው። ቡኻሪም ሙስሊምም ዘግበውታል። እኛ ሐዲሱን በቃላችን ይዘን በግብራችን ረስተነው ነበር።

ልጆቹን ፈልገን ይቅርታ ጠየቅናቸው። አንዱ አንገቱን ደፍቶ፣ «ሼሃችን፣ የድሮውን ብንወድም አናውቀውም። ማን አስተማረን?» አለን። መልስ አጣን። እውነቱን ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ ስንቱ ቤት ተበተነ፣ ስንቱ አዛውንት የያዘውን ይዞ አለፈ። ከዚያ በፊትም ቢሆን ጊዜው ሳለ ቁጭ ብለን አላስተማርናቸውም።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ከተራዊሕ በኋላ ከልጆቹ ጋር እንቀመጣለን። ብዙውን ስንኝ ያገኘነው ከእኛ ከኪታብ ሰዎቹ ዘንድ አይደለም፤ በወዳጃና በዱዓ ሲቀበሉ ካረጁ እናቶች ነው። እነሱ ያወጣሉ፣ ልጆቹ በስልካቸው ይቀዳሉ፣ ቀጥለው ይቀበላሉ። ኪቦርድ ያለውም ልጅ ይመጣል። ዜማውን ከእናቶቹ እስኪለምድ ኪቦርዱን አይከፍትም፤ ይህን ደንብ ያወጡት ራሳቸው ልጆቹ ናቸው።

ወላጆች ሆይ፣ በዚህ በተከበረ ወር ከኢፍጣር በኋላ ሩብ ሰዓት ስልኩን አስቀምጡት። አያት ካለች እሷ ታውጣ፤ ከሌለች የምታውቁትን አንድ ስንኝ እናንተ አውጡ። ድምፃችሁ ባያምርም ግድ የለም፣ የተቀባይ ድምፅ ከሰው ጋር ሲሆን ያምራል። ያያችሁትን ክሊፕ አትከልክሉ፤ ልጆቻችሁ ግን ሰሚ ብቻ ሆነው እንዳያድጉ። አያቶች የያዙትንም ዛሬውኑ ቅዱ፤ ለሚመጣው ረመዳን መድረሳችንን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው።

አላህ ጾማችንንና ዱዓችንን ይቀበለን።