ገንዘቡ የባለሀብት፣ ጩኸቱ የደጋፊ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በደቡብ ወሎዋ መካነ ሰላም ውስጥ ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ ኳስ ማየት የፈለገ ሰው ቀደም ብሎ ካልደረሰ መቀመጫ አያገኝም። በሩ አጠገብ በተደገፈችው ጥቁር ሰሌዳ ላይ የዕለቱ ግጥሚያዎች በጠመኔ ተጽፈዋል፤ የመጀመሪያው ዘጠኝ ተኩል፣ ቀጣዩ አሥራ ሁለት፣ የማታው ሁለት ተኩል። ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው የሚቀመጡት የባጃጅ ሹፌሮች፣ ተማሪዎች፣ ከገጠር ለገበያ መጥተው ያመሹ ወጣቶች ናቸው። መብራት ከጠፋ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ በስልክ ውጤት ይጠያየቃሉ። አርሰናል ሲሸነፍ እራት የማይበላ፣ ማንቸስተር ዩናይትድ ሲያሸንፍ ለማያውቀው ሰው ሻይ የሚጋብዝ ልጅ በቦረናም፣ በአማራ ሳይንትም፣ በለጋምቦም ሞልቷል።

ልጆቹ የሚወዷቸው ክለቦች ግን ባለቤት አላቸው። አርሰናል የአሜሪካዊው ቢሊየነር የስታን ክሮንኬ ነው። ማንቸስተር ዩናይትድን እ.ኤ.አ. በ2005 የግሌዘር ቤተሰብ፣ ማንቸስተር ሲቲን በ2008 የአቡዳቢው ሼኽ መንሱር፣ ኒውካስልን በ2021 በሳዑዲ መንግሥት የኢንቨስትመንት ፈንድ የሚመራ ቡድን ገዝተዋል። መካነ ሰላም ያለው ደጋፊ ከእነዚህ አንዱንም መርጦ አልሾመም፤ ቢከፋውም ሊሽራቸው አይችልም። ክለብ የገዛ ሰው የገዛው ምንድን ነው? ደጋፊውስ ከመጮህ በቀር ምን ድርሻ አለው? ጥያቄው ዓለምን ለረጅም ዓመታት ሲያከራክር የኖረ ነው። ለወሎ ሰው ደግሞ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም፤ በኢትዮጵያ እግር ኳስ ከገንዘብ ጋር ስማቸው በሰፊው የሚነሳው ሰው የወሎ ልጅ ናቸውና።

ሼኽ መሐመድ ሁሴን አሊ አላሙዲ በወሎ ተወልደው አድገው፣ በወጣትነታቸው ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ተሻግረው በነዳጅና በግንባታ ሀብት ያፈሩ ባለሀብት ናቸው። የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ አገሮች ዋንጫ በ1998 እና በ1999 ዓ.ም. ስማቸውን ይዞ ተካሂዷል፤ የ1998ቱን ኪጋሊ ላይ ያነሳው የእኛው ብሔራዊ ቡድን ነበር። ለብዙ ዓመታት የቅዱስ ጊዮርጊስ ዋነኛ የገንዘብ ደጋፊም እሳቸው ነበሩ። ክለቡ በ2009 ዓ.ም. በተከታታይ አራተኛውን የሊግ ዋንጫ አንስቶ፣ በዚያው ዓመት የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ምድብ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ክለብ ሆኗል። ያን ጊዜ «ፈረሰኞቹ» የሚባሉት ጊዮርጊሶች ገንዘብ የሚቸግራቸው ክለብ አልነበሩም።

ነገር ግን ቅዱስ ጊዮርጊስን ገንዘብ አልፈጠረውም። ክለቡን በ1928 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ዘመን ያቋቋሙት የአራዳ ልጆች ናቸው። ወራሪው ከወጣ በኋላ በ1936 ዓ.ም. በተደረገው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ይኸው ክለብ ተወዳድሯል፤ ከተፎካካሪዎቹ መካከል የጣሊያን፣ የግሪክና የአርመን ማኅበረሰቦች ቡድኖች ነበሩ። አባቶች ለልጆቻቸው ያወረሱት ደጋፊነት የመጣው ከዚያ ነው። የባለሀብቱ ገንዘብ ሲደርስ ፍቅሩ ተዘጋጅቶ ጠብቆታል። ይህ ልዩነት እንደ ቀላል መታየት የለበትም። በዚህ ጽሑፍ የማነሳቸው ክለቦች የሚለያዩት ገንዘቡ የደረሰው ከፍቅሩ በፊት ነው ወይስ በኋላ በሚለው ላይ ነው።

ወልድያ ላይ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ሼኹ በስማቸው የተጠራውን ስታዲየም በወልድያ አስገንብተው በጥር 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ከ25 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል፤ ወጪውም ከግማሽ ቢሊዮን ብር በላይ ነው። በጊዜው በአገሪቱ ካሉት ሁሉ ዘመናዊ ከሚባሉት አንዱ ነበር፤ ያረፈውም የክልል ዋና ከተማ ባልሆነች የሰሜን ወሎ ከተማ ላይ ነው። በዚያ ዓመት የወልድያ ክለብ በፕሪሚየር ሊጉ ይጫወት ስለነበር ስታዲየሙና ቡድኑ ተገጣጠሙ። የወሎ ልጅ በራሱ አገር፣ በራሱ ሜዳ ትልልቅ ክለቦችን መቀበል ጀመረ። ከላስታ እስከ ቦረና ወሎዬ የሆነ ሁሉ ያን ቀን ኮርቷል፤ ኩራቱም ይገባው ነበር።

ቀጥሎ የሆነው ግን በቶሎ ሆነ። ጥቅምት 25 ቀን 2010 ዓ.ም. የሳዑዲ መንግሥት በፀረ ሙስና ዘመቻ ስም ብዙ ልዑላንንና ነጋዴዎችን ሲያስር ሼኽ አላሙዲም አብረው ተያዙ። አንድ ወር ሳይሞላ፣ ኅዳር 24 ቀን፣ ወልድያ ከመቐለ ጋር ሊያደርገው በነበረው ጨዋታ ቀን ከተማዋ በግጭት ታመሰች፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ ንብረት ወደመ። የዓመቱ መጨረሻ ሲደርስ ወልድያ ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ። ሼኹ የተፈቱት ጥር 19 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲያም ከተማዋ ከ2013 ማብቂያ እስከ ታኅሣሥ 2014 በጦርነት እጅ ውስጥ ወደቀች። ክለቡ የወረደው ሼኹ ስለታሰሩ ነው ማለቴ አይደለም። ሜዳ ላይ የሚሸነፍ ቡድን ይወርዳል፤ በብሔር የተከፋፈለ ድጋፍም ቡድን አያቆምም። የምለው ይህን ነው፦ ስታዲየሙ ሲገነባ ክለቡን በየዓመቱ የሚያስተዳድር፣ መዋጮ የሚሰበስብ፣ ሥራ አስፈጻሚ የሚመርጥ፣ ሒሳብ የሚጠይቅ የአባላት ማኅበር አብሮ በጽኑ አልተተከለም። ባለሀብቱ ሲታሰሩ፣ ሰላም ሲጠፋ፣ ቡድኑ ሲወርድ ደጋፊው የሚሰበሰብበት የራሱ ቤት አልነበረውም።

እግር ኳሳችን በብዛት የኖረው በግለሰብ ባለሀብት እጅ አይደለም። የመከላከያ ሠራዊት፣ የመብራት ኃይል፣ የባንክ፣ የመድን፣ የፋብሪካ ቡድኖች ነበሩ፤ አሁንም አሉ። ቀሪዎቹን የከተማ አስተዳደሮች በበጀት ይይዟቸዋል። መሥሪያ ቤት ባለቤት ሲሆንም የባለሀብቱ ችግር አብሮ ይመጣል። ደደቢት በ2005 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ አነሳ፤ በኋላ መቀመጫውን ከአዲስ አበባ ወደ መቐለ አዞረ፣ በ2011 ወረደ፣ ዛሬ የሚነሳው በትዝታ ነው። ንግድ ባንክ በ2009 ሲወርድ የወንዶች ቡድኑን አፈረሰ፤ ከዓመታት በኋላ መልሶ አቋቁሞት በ2016 ሻምፒዮን ሆነ። ያ ሁሉ ሲደረግ መንገድ ወጥቶ «ቡድናችንን አታፍርሱብን» ያለ ብዙ ሕዝብ አልታየም። ዋንጫ ያነሳ ቡድን በአንድ ስብሰባ ሊፈርስ መቻሉ ሊያስደነግጠን ሲገባ ለምደነዋል።

ጎንደር የሆነው ከሁሉ ይበልጥ ያስተምራል። በዚያች ከተማ ሁለት ቡድኖች ነበሩ፤ አንዱ የዳሽን ቢራ፣ ሌላው የከተማው ሕዝብ ቡድን ፋሲል ከነማ። በ2008 ዓ.ም. ዳሽን ቢራ ከፕሪሚየር ሊጉ ወርዶ ከሜዳ ጠፋ፤ ፋሲል ደግሞ በዚያው ዓመት ወደ ሊጉ አደገ። ቢራ ፋብሪካውም ፋሲልን ስፖንሰር በማድረግ ከተማው ከሚወደው ቡድን ጋር ተሰለፈ። «አፄዎቹ» የሚባሉት ፋሲሎች በ2013 ዓ.ም. በሥዩም ከበደ አሠልጣኝነት የሊጉን ዋንጫ ሲያነሱ ገንዘቡም ፍቅሩም በየቦታቸው ነበሩ፤ ገንዘብ ያለው ድርጅት ስፖንሰር ሆነ፣ ቡድኑ የከተማው ሆኖ ቀረ።

ወደ እንግሊዝ እንመለስ፤ የመካነ ሰላም ልጅ ልቡ ያለው እዚያ ነውና። ክሮንኬ አርሰናልን በአንድ ቀን አልገዙትም። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ አክሲዮን እየሰበሰቡ በ2011 አብዛኛውን ያዙ፤ በ2018 የአሊሸር ኡስማኖቭን 30 በመቶ ገዝተው ጠቀለሉት። በአገሩ ሕግ አንድ ገዥ ይህን ያህል ከያዘ ቀሪዎቹን ባለአክሲዮኖች እንዲሸጡ ማስገደድ ይችላል። ስለዚህ ከአባታቸው የወረሷትን አንድ አክሲዮን ግድግዳ ላይ ሰቅለው የኖሩ ደጋፊዎች፣ ገንዘብ አዋጥተው በጋራ ትንሽ ድርሻ የያዙትም ጭምር፣ ሳይወዱ ሸጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም የአርሰናል ደጋፊ በአርሰናል ውስጥ ድርሻ የለውም። እኚሁ ሰው በአሜሪካ የነበራቸውን የራምስ ቡድን በ2016 ከሴንት ሉዊስ ወደ ሎስ አንጀለስ አዛውረውታል፤ የሴንት ሉዊስ ደጋፊዎች ሊያስቀሩት አልቻሉም።

የግሌዘር ቤተሰብ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ዩናይትድን በ790 ሚሊዮን ፓውንድ ሲገዙ ከገንዘቡ ብዙው ብድር ነበር፤ የብድሩንም ሸክም ዕዳ ያልነበረበት ክለብ ተሸከመው። ደጋፊው ቲኬትና ማሊያ የሚገዛበት ገንዘብ ክለቡ ራሱ ለተሸጠበት ብድር ወለድ ይከፍላል ማለት ነው። የተቆጡ ደጋፊዎች በዚያው ዓመት ኤፍሲ ዩናይትድ ኦፍ ማንቸስተር የሚባል ክለብ መሠረቱ፤ ያዋጣ ሁሉ አንድ ድምፅ አለው። ክለቡ በታችኛው ሊግ ይጫወታል፣ ትንሽ ነው፣ ግን ማንም ሊሸጠው አይችልም።

ደጋፊ ባለሀብትን ያንበረከከበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2021 አሥራ ሁለት ክለቦች የራሳቸውን ዝግ ሱፐር ሊግ ሊያቋቁሙ መሆኑን ሲያስታውቁ የቼልሲ ደጋፊዎች ስታምፎርድ ብሪጅ ደጃፍ ላይ መንገድ ዘጉ፤ በሁለት ቀን ውስጥ ስድስቱም የእንግሊዝ ክለቦች ወጡ። ብዙም ሳይቆይ የዩናይትድ ደጋፊዎች ኦልድ ትራፎርድ ገብተው ከሊቨርፑል ጋር የነበረው ጨዋታ እንዲራዘም አደረጉ። ያ ቁጣ መና አልቀረም፤ በ2025 የእንግሊዝ ፓርላማ ገለልተኛ የእግር ኳስ ተቆጣጣሪ የሚያቋቁም ሕግ አወጣ። ጀርመኖች ይህን ቀድመው አስበውበታል። ከ1998 ጀምሮ ባለው ደንባቸው፣ ከጥቂት የፋብሪካ ክለቦች በቀር፣ በክለቡ ውሳኔ ላይ ከግማሽ በላይ ድምፅ የአባላቱ ማኅበር ነው። ባለሀብት ገንዘብ ማስገባት ይችላል፤ ማዘዝ ግን አይችልም።

«ለእኛ ምን አገባን?» የሚል ይኖራል። የሚያገባን በሁለት በኩል ነው። የዲኤስቲቪ ቤት መግቢያ ከፍሎ፣ ማሊያ ገዝቶ፣ ሳምንቱን ሙሉ ስለ ዝውውር የሚከራከር የቦረና ወጣት የእነዚያ ክለቦች ገበያ ነው። ክለብ የሚገዙ ሰዎች ከሜዳውና ከተጫዋቹ በላይ የሚከፍሉበት ይኸው ሱስ ነው፤ ቢጎዳም ቢከፋም ክለቡን የማይቀይር ሰው። ዘይት ሲወደድ ሌላ ዘይት የሚገዛ ደንበኛ፣ ቡድኑ ሲበላሽ ሌላ ቡድን አይዝም። ባለቤቱ ይህን ያውቃል።

ሁለተኛው ወደ ቤታችን ይቀርባል። ከመካነ ሰላም የወጣ ጎበዝ ተጫዋች መንገዱ በአቀስታ አድርጎ ወደ ደሴና ኮምቦልቻ ነው። ደሴ ከተማና ወሎ ኮምቦልቻ በከፍተኛ ሊግ ሲታገሉ የኖሩ ክለቦች ናቸው። ፕሪሚየር ሊጉ ራሱ ገቢው ቀጭን ነው፤ በ2013 ዓ.ም. ከሱፐርስፖርት ጋር የተደረገው የአምስት ዓመት የቴሌቪዥን ውል 4.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ በዓመት ለሁሉም ክለቦች ተደምሮ አንድ ሚሊዮን እንኳ አይሞላም ነበር። ጨዋታዎቹም ከዚያ ዓመት ጀምሮ በተመረጡ ከተሞች ተሰባስበው ስለሚካሄዱ ብዙ ደጋፊ ቡድኑን የሚያየው በስክሪን ነው። ከታች ላሉት ሊጎች ደግሞ ያም የለም። የተጫዋች ደመወዝ ግን ይወጣል፤ ፌዴሬሽኑ በ2011 ዓ.ም. የ50 ሺህ ብር የደመወዝ ጣሪያ እስከማውጣት የደረሰው ክለቦች ከአቅማቸው በላይ ስለከፈሉ ነው።

በዚህ ሁኔታ የከተማ አስተዳደር በጀት ሲጠብ ሁሉም ዓይኑን ወደ ባለሀብት ያነሳል። ከደሴም፣ ከመካነ ሰላምም፣ ከዓረብ አገርና ከአሜሪካም አንድ ሀብታም የወሎ ልጅ መጥቶ ክለባችንን ቢያነሳልን የሚል ምኞት ይሰማል። ምኞቱን አልነቅፍም፤ ወልድያ ላይ ያን ሜዳ ያየ ሰው ቢመኝ አይፈረድበትም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላልና፣ መጀመሪያ ባለቤቱ ይታወቅ። ደሴ ላይም ኮምቦልቻ ላይም ክለቡ የተመዘገቡ አባላት ይኑሩት፤ ትንሽም ብትሆን ዓመታዊ መዋጮ ይክፈሉ፤ ከቦርዱ መቀመጫ ግማሽ ያህሉን ራሳቸው ይምረጡ፤ የክለቡ ስም፣ መለያ ቀለምና መቀመጫ ከተማ ያለ አባላቱ ጉባኤ ውሳኔ እንዳይቀየር በመተዳደሪያ ደንቡ ይጻፍ። የሚመጣው ባለሀብት ይህን አንብቦ ይምጣ። ቡድኑን እንደ ጎንደሩ ቢራ ፋብሪካ በስፖንሰርነት ሊያግዝ ከፈለገ በሩ ክፍት ነው፤ ክለቡን ጠቅልሎ ሊይዝ ከፈለገ ግን ጉባኤውን ጠርቶ፣ ከመካነ ሰላም ተሳፍሮ የመጣውን አባል ፊት ለፊት አይቶ፣ ድምፁን ለምኖ ይሁን።