ሮዝና ሰማያዊ መደርደሪያ፦ ልጆቻችንን ማን ለያቸው?

መጫወቻ መሸጫ ገብቶ ለሕፃን ስጦታ የጠየቀ ሰው፣ ዋጋ ከመስማቱ በፊት የሚቀርብለት ጥያቄ የታወቀ ነው፦ «ለወንድ ነው ለሴት?» መልሱን እንደሰማ የባለሱቁ እጅ ወዴት እንደሚዘረጋ ያውቃል። ለወንድ ከሆነ መኪና፣ ሮቦት፣ የሚገጣጠም ሕንፃ፤ ለሴት ከሆነ አሻንጉሊት፣ የሻይ ስኒ፣ የፀጉር ማስዋቢያ። ዕድሜ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። ልጁ ወይም ልጅቷ ምን እንደሚወዱ ግን ብዙ ጊዜ ጭራሽ አይነሳም።

ይህ ክፍፍል ከተፈጥሮ የመጣ፣ ከጥንት የኖረ ይመስለናል። የንግዱ ታሪክ ሲመረመር የሚገኘው ሌላ ነው፤ መደርደሪያውን ለሁለት የከፈለው ገበያው ራሱ ነው፣ የከፈለውም ብዙ ለመሸጥ ነው።

ቀለሙ ከየት መጣ?

በሰኔ 1918 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሕፃናት ልብስ ነጋዴዎች የሚያነቡት «ኧርንሾውስ» የተባለ መጽሔት ሮዝ ጠንከር ያለ ቀለም በመሆኑ ለወንድ፣ ሰማያዊ ደግሞ ለስለስ ያለ በመሆኑ ለሴት እንደሚስማማ ጽፎ ነበር። ከዚያ በፊት ወንዱም ሴቷም ሕፃን ለአጠባ የሚመች ነጭ ቀሚስ ይለብሱ ነበር። በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የአለባበስ ታሪክ ያጠኑት ጆ ፓውሌቲ እንደሚያስረዱት፣ ሮዝ የሴት የሆነው ቀስ በቀስ ነው። ልዩነቱ የከረረውም በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ ወላጆች የፅንሱን ጾታ በአልትራሳውንድ አስቀድመው ማወቅ ሲጀምሩ ነው።

ለነጋዴው ጥቅሙ ግልጽ ነው። ለታላቅ እህት የተገዛው ሮዝ ጋሪ ለታናሽ ወንድሟ «አይሆንም» ከተባለ፣ ቤተሰቡ ሁለተኛ ጋሪ ይገዛል። ልብሱም፣ ብስክሌቱም፣ የትምህርት ቤት ቦርሳውም እንዲሁ። ከታላቅ ወደ ታናሽ ይተላለፍ የነበረው ዕቃ መንገዱ ተዘጋበት።

በመጫወቻውም የሆነው ተመሳሳይ ነው። የሶሲዮሎጂ ተመራማሪዋ ኤልዛቤት ስዊት የአሜሪካውን ሲርስ መደብር የቆዩ ካታሎጎች አገላብጠው ነበር። በ1975 እ.ኤ.አ. በወጣው ካታሎግ በግልጽ የወንድ ወይም የሴት ተብለው የቀረቡት መጫወቻዎች ከ2 በመቶ በታች ነበሩ። ጊዜው የሴቶች የእኩልነት ንቅናቄ የጎላበት ነበር። በ1984 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ መንግሥት በልጆች ቴሌቪዥን ላይ የነበረውን የማስታወቂያ ገደብ ሲያነሳ፣ መጫወቻ ለመሸጥ ተብለው የተሠሩ የካርቱን ፊልሞች ጎረፉ። የወንዶቹ ፊልም ጦረኛ፣ የሴቶቹ ፊልም ደግሞ ሮዝ ፈረስ ይዞ መጣ።

የሚገጣጠሙ መጫወቻዎችን የሚሠራው የሌጎ ኩባንያ ታሪክ ይህን መንገድ በአጭሩ ያሳያል። በ1981 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዝነኛ ማስታወቂያ ጂንስ የለበሰች ባለ ቀይ ፀጉር ሕፃን የገጣጠመችውን ይዛ በኩራት ስትስቅ ያሳያል። በ2012 እ.ኤ.አ. ግን ያው ኩባንያ የውበት ሳሎንና ካፌ ያለበት፣ ለሴት ልጆች የታሰበ «ሌጎ ፍሬንድስ» የተባለ ምርት ለገበያ አቀረበ። በብዛት ተሸጠ፤ ብዙ ተቃውሞም አስነሳ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ኤለን ኮይማን የተባሉ የሥነ ምድር ተመራማሪ ባቀረቡት ሐሳብ፣ ሴት ሳይንቲስቶችን በሥራ ቦታቸው የሚያሳይ ምርት ወጣ። እሱም ተሸጦ ከመደርደሪያ ለመጥፋት ጊዜ አልወሰደበትም።

ጉዳቱ የት ላይ ነው?

«ልጄ ራሷ ሮዝ ትወዳለች፤ ምን ችግር አለው?» የሚሉ ወላጆች አሉ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ሮዝ መውደድም ሆነ በአሻንጉሊት መጫወት ነውር አይደለም፤ አሻንጉሊት ማቀፍ እንክብካቤን ያስተምራል። ችግሩ የሚመጣው ማይክሮስኮፑ «የወንዶች» ከተባለው ምልክት ሥር ሲቀመጥ ነው። ማንበብ የጀመረች ልጅ ምልክቱን ታነባለች፤ ያልጀመረችውም ቀለሙን ታነባለች።

በ2017 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ የአምስት ዓመት ሴት ልጆች «በጣም በጣም ጎበዝ ማን ነው?» ሲባሉ እንደ ወንዶቹ ሁሉ የራሳቸውን ጾታ ይመርጣሉ። ስድስት ዓመት ሲሞላቸው ግን ይህ እምነት ይቀንሳል፤ «ለጎበዞች ብቻ ነው» ከተባለ ጨዋታም መሸሽ ይጀምራሉ። ይህን ያደረገው መደርደሪያው ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ነገር ግን ቤት፣ ትምህርት ቤትና ቴሌቪዥን የሚሉትን እየደጋገመ ያጸናል።

ወንድ ልጆችም አልተረፉም። ሌጎ በ2021 እ.ኤ.አ. በሰባት አገሮች ባስጠናው ጥናት 71 በመቶ የሚሆኑ ወንዶች የሴት በሚባል መጫወቻ ብንጫወት ይሳቅብናል ብለው እንደሚፈሩ ተናግረዋል። ከሴቶቹ ስለ ወንድ መጫወቻ እንዲህ ያሉት 42 በመቶ ናቸው። ምግብ ማብሰል ወይም ሕፃን ማባበል የሚያምረው ወንድ ልጅ ፍላጎቱን መዋጥ የሚማረው ገና በሕፃንነቱ ነው።

ኪስም ይጎዳል። የኒውዮርክ ከተማ የሸማቾች ጉዳይ መሥሪያ ቤት በ2015 እ.ኤ.አ. ወደ 800 የሚጠጉ ምርቶችን አነጻጽሮ፣ ለሴት የተባለው ለወንድ ከተባለው ተመሳሳይ ዕቃ በአማካይ 7 በመቶ፣ በንጽሕና መጠበቂያዎች ደግሞ 13 በመቶ እንደሚወደድ አረጋገጠ። በአንድ ሱቅ ቀዩ የልጆች ስኩተር 24.99 ዶላር ሲሸጥ ሮዙ 49.99 ዶላር ነበር።

የጠየቁ ወላጆች

በብሪታንያ ነገሩን ያንቀሳቀሱት ተራ ወላጆች ናቸው። በ2012 እ.ኤ.አ. መጨረሻ «ሌት ቶይስ ቢ ቶይስ» በሚል ስም ተሰባስበው ለመደብሮች ደብዳቤ መጻፍ፣ የመደርደሪያ ፎቶ ማንሳትና ማሳየት ጀመሩ። ጥያቄያቸው አጭር ነበር፤ «የወንድ»፣ «የሴት» የሚለው ምልክት ይነሳና መጫወቻው በዓይነቱ ይደርደር። ቡትስና ማርክስ ኤንድ ስፔንሰርን የመሰሉ ታላላቅ መደብሮች፣ የሚያስገድድ ሕግ ሳይወጣ፣ አሠራራቸውን ለወጡ።

ማስታወቂያውን በተመለከተ ከሰኔ 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የብሪታንያ የማስታወቂያ ተቆጣጣሪ ጉዳት የሚያስከትል የጾታ አመለካከት የሚያሰርጹ ማስታወቂያዎችን ከልክሏል። በመጀመሪያ ከታገዱት ሁለቱ አንዱ የፊላደልፊያ ክሬም ቺዝ ነበር፤ ምግብ ያማለላቸው ሁለት አባቶች ልጆቻቸውን ሲዘነጉ ያሳይ ነበርና፣ ወንድ ልጅ መያዝ አይችልም የሚል መልእክት አለው ተባለ። ሁለተኛው የቮልስዋገን ነው፤ ወንዶቹ ጠፈር ላይ ሲንሳፈፉና ሲወዳደሩ፣ ሴቷ ከሕፃን ጋሪ አጠገብ ተቀምጣ ነበር።

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ካሊፎርኒያ ደግሞ ከጥር 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 500 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሏቸው መደብሮች ለወንድም ለሴትም የሚሆኑ መጫወቻዎች የሚገኙበት ክፍል እንዲኖራቸው ሕግ ያስገድዳል። የመጀመሪያው ጥፋት እስከ 250፣ የሚደገመው እስከ 500 ዶላር ያስቀጣል። ሕጉ አሻንጉሊትም ሮዝም አልከለከለም፤ የወንድና የሴት ክፍሎችም መቀጠል ይችላሉ። ሦስተኛ መንገድ ብቻ ከፈተ።

በእኛ ገበያ

እኛ ዘንድ ልዩነቱ ከሱቅ በፊት ይጀምራል። ወንድ ሲወለድ ሰባት፣ ሴት ስትወለድ ሦስት ጊዜ እልል የሚባልበት ልማድ በብዙ ቦታ ይታወቃል። ያም ሆኖ ዕቃቃ የተጫወተ ሁሉ እንደሚያስታውሰው፣ ጭቃውና ቆርኪው የሁሉም ነበር። አንዱ አባት፣ አንዷ እናት ቢሆኑም ወጡን አብረው ይሠሩ ነበር። አሁን በፕላስቲክ ተጠቅልሎ የሚመጣው መጫወቻ ያንን የጋራ ጨዋታ ለሁለት እየከፈለው ነው። ቴሌቪዥኑም ያግዘዋል፤ በዘይቱና በሳሙናው ማስታወቂያ የምታበስለውና የምታጥበው እናት ናት፤ አባት በልቶ ያመሰግናል።

ይህን የሚያርም ሕግ ግን አለን። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 የሰውን ክብርና እኩልነት በጾታ ምክንያት የሚነካ ምስል፣ ንግግርም ሆነ ንጽጽር ይከለክላል። ኢትዮጵያ በ1981 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው በሴቶች ላይ የሚደረግን አድልዎ የሚያስወግደው ስምምነትም በአንቀጽ 5 አንዱን ጾታ ዝቅ፣ ሌላውን ከፍ የሚያደርጉ አስተሳሰቦች እንዲለወጡ ያስገድዳል። ሕግ ሲተገበር ምን ማድረግ እንደሚችልም አይተናል፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አዋጅ የቢራ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል።

መጫወቻው ከውጭ ይምጣ እንጂ መደርደሪያውን የሚደረድረው፣ ማስታወቂያውን የሚጽፈውና የሚተውነው የእኛው ሰው ነው። ስለዚህ ባለሱቁ ዕቃውን በዕድሜና በዓይነት ይደርድር። የማስታወቂያ ባለሙያው አባትን ወጥ ቤት ያስገባ፣ ሴት መሐንዲስ ያሳይ። ተቆጣጣሪው አካል በእጁ ያለውን አዋጅ ይጠቀምበት። ወላጅም ምልክቱን ትቶ የልጁን ፍላጎት ይከተል፤ የማይስማማውን ማስታወቂያ ሲያይም ድምፁን ያሰማ። የብሪታንያ ወላጆች የያዙት ደብዳቤና ፎቶ ብቻ ነበር። ነጋዴ ገዢውን ይሰማል፤ ገዢው እስከተናገረ ድረስ።