ኮምፒውተሩ ያላለው

«ጋሼ፣ ኮምፒውተር አስደርገናል፤ ሴንሰሩ ሞቷል ይላል።» ከሐረር አዲስ አበባ የሚሠራ አውቶብስ ባለቤት ይህን በስልክ ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀው የሴንሰሩን ዋጋ ነው። ማሽኑ ያወጣው ቁጥር ስንት እንደሆነ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ነገሩ ያለው ግን ቁጥሩ ላይ ነው።

ለዓመታት የሐረር መለያ ሆነው የኖሩት ፔጆ 404 ታክሲዎች ኮምፒውተር አያውቁም፤ መካኒኩ በጆሮውና በእጁ ይጨርሳቸዋል። ማለዳ ተነስቶ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጓዘው ዘመናዊ አውቶብስ ግን ለሞተሩ አንድ፣ ለኤቢኤስ ፍሬኑ ሌላ ኮምፒውተር አለው፤ ካምቢዮው አውቶማቲክ ከሆነ ሦስተኛ ይጨመራል። ሁለቱም የሚጠገኑት እዚሁ ከተማ ስለሆነ፣ የአንዱ ልማድ ለሌላው ይተርፋል።

«መመርመሪያ ማሽኑ የሚሰካበት ሶኬት እንደ ቤት መኪና ከመሪው ሥር ነው» ይባላል። አንዳንዴ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ከሹፌሩ በስተግራ ካለው የፊውዝ ሳጥን ክዳን ጀርባ ወይም ዳሽቦርዱ ሥር በቡሎን በታሰረ ሽፋን ውስጥ ይገኛል። ሞተሩ ከኋላ ከሆነ እዚያው ሞተር ክፍል ውስጥ ተጨማሪ ሶኬት የሚያስቀምጡ አምራቾችም አሉ። በብዛት የሚታየው ክብ ባለ 9 ፒን ወይም የቤት መኪናውን የሚመስለው ባለ 16 ፒን ነው። በሜካኒካል ፖምፓ በሚሠራ አሮጌ አይሱዙ ላይ የሞተር ሶኬት ለመፈለግ ዳሽቦርድ መፍታት ግን ከንቱ ድካም ነው፤ የሚያናግሩት የሞተር ኮምፒውተር የለም።

ባለ 16 ፒኑ የራሱ ጣጣ አለው። ስለገባ ብቻ ይሠራል ብሎ የሚያምን ብዙ ነው። ቤት መኪና ላይ 16ኛው ፒን 12 ቮልት ይይዛል፤ አውቶብስ ላይ 24 ቮልት። ለ12 ቮልት ብቻ የተሠራች ርካሽ የብሉቱዝ ማንበቢያ እዚያ ስትሰካ ልትቃጠል ትችላለች። ብትተርፍም ከባድ መኪኖች አብዛኛውን ጊዜ የሚግባቡት ጄ1939 በሚባል ሌላ ደንብ ስለሆነ ዝም ትላለች። ከዚያ «የአውቶብሱ ኮምፒውተር ሞቷል» ይባላል፤ ባለቤቱም ላልሞተ ኮምፒውተር ገንዘብ ሊያፈላልግ ይነሳል።

ማሽን ዝም ሲል ቴስተር ማንሳት ይቀድማል። በክቡ ሶኬት ላይ «ኤ» ማሳ፣ «ቢ» የባትሪ ፖዘቲቭ ነው፤ እዚያ 24 ቮልት ገደማ ካልተገኘ ጥፋቱን ፊውዙ ላይና መስመሩ ላይ ፈልጉ። ካለ፣ ባትሪው ተላቆ በመገናኛ ሽቦዎቹ በ«ሲ» እና በ«ዲ» መካከል ኦም ይለካ። ጤነኛ መስመር 60 ገደማ ያሳያል፤ በሁለቱ ጫፍ ያሉት ባለ 120 ኦም ሬዚስተሮች አብረው ሲለኩ ማለት ነው። 120 ካሳየ አንዱ ጫፍ ተቆርጧል፤ ወደ ዜሮ ከወረደ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተዋል። ሹፌሩ ከፊት፣ ሞተሩ ከኋላ በሆነበት 12 ሜትር አውቶብስ ውስጥ ሽቦ የሚፋቅበት ቦታ አይጠፋም።

ከሁሉም ውድ የሚሆነው እምነት ግን «ኮዱ የሚቀየረውን ዕቃ ይናገራል» የሚለው ነው። በጄ1939 ኮዱ ሁለት ቁጥር አለው፤ የመጀመሪያው፣ ኤስፒኤን፣ የት የሚለውን፣ ሁለተኛው፣ ኤፍኤምአይ፣ ምን ሆነ የሚለውን ይይዛል። ኤስፒኤን 100 የሞተር ዘይት ግፊት ነው። አጠገቡ ያለው ኤፍኤምአይ 1 ከሆነ ግፊቱ በአደገኛ ደረጃ ወርዷል፤ ሞተሩ ወዲያው ይጥፋ። 4 ከሆነ ግን ኮምፒውተሩ የሚያማርረው ስለ ዘይቱ ሳይሆን ስለ ቮልቴጁ ነው፤ ከሚገባው በታች ወርዷል፣ ወይም ሽቦው ከማሳ ተገናኝቷል። ሴንሰሩ ባለሦስት ሽቦ ከሆነ ሶኬቱን ነቅሎ፣ ቁልፍ ከፍቶ፣ 5 ቮልት መድረሱን መለካት ነው። ካልደረሰ አዲስ ሴንሰር ገዝቶ መግጠም ምንም አይለውጥም። እንዲያም ሆኖ «ሽቦ ነው» ብሎ ጉዞ ከመቀጠል በፊት ግፊቱን በሜካኒካል ጌጅ ማረጋገጥ ግድ ነው።

በቁልቢ ገብርኤል ሰሞን፣ መኪናው አንድ ቀን እንዳይቆም ሲባል፣ «ኮዱን አጥፋውና ይሂድ» ማለት ያጓጓል። ማጥፋት ጥገና አይደለም፤ ምክንያቱ ካለ ኮዱ ይመለሳል። ባትሪ መንቀልም እንዲሁ፤ ብዙ ኮምፒውተሮች የመዘገቡትን ያለ ባትሪም ይዘው ይቆያሉ።

የተገላቢጦሹም አለ። ኮድ ከሌለ ብልሽት የለም ማለት አይደለም። 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ካለው አዋሽ ተነስቶ ጨርጨርን ሲወጣ፣ ከዚያም ከ2,000 ሜትር በላይ ወዳለው ቁልቢ ሲያመራ ጉልበት የሚያጣ አውቶብስ፣ ማሽኑ ላይ ንጹሕ ሆኖ ሊታይ ይችላል። አቧራ የደፈነው የአየር ፊልትሮና ከቱርቦ የሚመጣው የተሰነጠቀ ማኒኮቶ ሁልጊዜ ኮድ አያወጡም። ማኒኮቶው ሲሰነጠቅ ብዙ ጊዜ ዙሪያው የዘይት ወዝ ይዞ ይገኛል፤ ሞተሩ ጫና ላይ እያለ ደግሞ ፉጨት ይሰማል።